ዕድሜ ጠገቧ ቮልስ ለዕለት ጉዞ ምን ዓይነት ማሻሻያ ይበጃታል?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም የዚያች መኪና መሰሎች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ይታያሉ። ባለቤቶቻቸውን ሥራ ያደርሳሉ፤ ልጆችን ከትምህርት ቤት ይመልሳሉ።

በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ይህች መኪና የመጨረሻ ምርቷ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው በፈረንጆቹ 2003 ነው። ጎዳናው ግን ከእርሷ ዘመን ይልቅ ፈጣን ሆኗል። በቀለበት መንገድ ከዘመናዊ መኪኖች ጋር እኩል ለመጓዝ የሚሻ ባለቤት ሰስፔንሽኑን ለማሻሻል ማሰቡ አይቀርም። ብዙዎች በቅድሚያ የሚያስቡት መኪናዋን ዝቅ ማድረግን ወይም ጠንካራ ሾክ አብዞርበር መግጠምን ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ቮልስ እንደ ብዙዎቹ መኪኖች በሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ አልቆመችም። ክብደቷን የሚሸከሙት በጎን ተጋድመው እየተጠመዘዙ የሚመለሱ የብረት ዘንጎች ናቸው። በቀደሙት ሞዴሎች ደግሞ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞሩት ዘንጎች የሚተጣጠፉት ከካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ጎማው ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ ጎን ያዘነብላል።

አደጋው የሚገለጠው በኩርባ ላይ ነው። በፍጥነት የገባ አሽከርካሪ ደንግጦ ነዳጅ መስጫውን በድንገት ሲለቅ የመኪናዋ ኋላ ወደ ላይ ይነሳል፤ የውጭው ጎማም ወደ ውስጥ ታጥፎ መንገዱን በጠርዙ ብቻ ይይዛል። ሞተሩ ያለው ከኋላ በመሆኑ መኪናዋ ልትሽከረከር ትችላለች። ፋብሪካው ራሱ ይህን በማጤን በ1967 ሞዴል ላይ ረዳት ዘንግ ጨመረ፤ ከ1969 ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ ባቀረባቸው መኪኖች ላይ ደግሞ በሁለት ቦታ የሚተጣጠፍ የኋላ ዘንግ አስገባ።

ስለዚህ ለዕለት ጉዞ የሚበጀው ሥራ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ያረጀው ይታደሳል። ሙቀትና ዕድሜ ያደረቃቸው የላስቲክ ክፍሎች፣ የላሉ መጋጠሚያዎችና የተሰነጣጠቁ ጎማዎች ሳይለወጡ የሚገጠም አዲስ ዕቃ ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። የፊት ጎማዎች የአየር ግፊትም ከኋላዎቹ ያነሰ መሆን ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመኪናዋ ከፍታ ነው። ኋላዋ የሰመጠ ቮልስ ወደ ቀድሞ ልኳ ልትመለስ ትችላለች። የኋላው ዘንግ በውስጠኛው ጫፍ 40፣ በውጫዊው 44 ጥርሶች አሉት። አንዱን ጫፍ በአንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላውን በአንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው በማዞር ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ማስተካከያ ማድረግ ይቻላል። ከልኩ በላይ ማንሳት ግን በኩርባ ላይ ያለውን አደጋ ያባብሳል፤ ከልክ በላይ ዝቅ ማድረግም በየፍጥነት መቀነሻው ሆዷን ያስመታል።

ከዚያ በኋላ የሾክ አብዞርበር ምርጫ ይከተላል። ክብደቷ ከ800 ኪሎ ግራም ብዙም ለማይርቅ መኪና ከመጠን በላይ የጠነከረው አይስማማትም፤ ጎማዋን በኮረኮንች ላይ ያዘልለዋል እንጂ መንገድ አያስይዘውም። ዕቃው ከተገኘ ከካምቢዮው ሥር የሚጋደም፣ እንደ ባሌስትራ የሚሠራ ተጨማሪ ብረት የኋላ ጎማዎች ወደ ውስጥ እንዳይታጠፉ ይረዳል። ይህ ከሁሉም ማሻሻያዎች በዋጋው መጠነኛ፣ በጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። በአንጻሩ የኋላውን ክፍል ብቻ የሚያጠነክር ዘንግ መግጠም መኪናዋን ይበልጥ ለመሽከርከር ያጋልጣታል።

ሥራው ሲጠናቀቅ የጎማዎቹ አሰላለፍ በመሣሪያ መለካት አለበት። ባለቤቱም ውጤቱን በቀላሉ መፈተሽ ይችላል፤ የመኪናዋን ጥግ በእጁ ተጭኖ ሲለቅ አንድ ጊዜ ተነስታ ጸጥ ካለች ሾክ አብዞርበሩ ሥራውን እየሠራ ነው። በኩርባ ላይ ግን አስቀድሞ ፍጥነት መቀነስ አሁንም የአሽከርካሪው ድርሻ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆች በሰላም ቤታቸው የሚደርሱት ሁለቱ ሲሟሉ ነው።