ለእናትም ለልጅም የሚሆን ላፕቶፕ

አዲስ አበባ ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከደንበል ወደ ወሎ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ ሕንፃዎች ኮምፒውተር ለምንጠግን ሰዎች ደንበኛ አብዝቶ የሚያቀርበው ጥያቄ «ፎርማት አድርግልኝ» የሚል ነው። ማሽኑ ሲንቀራፈፍም፣ ቫይረስ ሲገባበትም፣ አዲስ ነገር መጫን ሲፈለግም መፍትሔው ያው ሁሉን አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር ይመስላል። በዚህ ልማድ የልጆቹን ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሱቁን ሒሳብ ያጣ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለትና ሦስት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫንልኝ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው በማሽኑ ማን ማን እንደሚሠራበት ነው። የሊኑክሱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በቅርቡ የመጡት እናትና ልጅ ነበሩ። ላፕቶፑ ያገለገለ ዴል ላቲቲዩድ 7480 ነው፤ ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ባይት ራም፣ 512 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ። እናትየው የሱቃቸውን ሒሳብ በፒችትሪ ይይዙበታል። ኩባንያው ፕሮግራሙን ሴጅ 50 ብሎ ከሰየመው ቆይቷል፤ የከተማችን ሒሳብ ሠራተኞች ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚሉት። ልጁ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው፣ ጥናቱ ሮቦቲክስ።

«ጋሼ፣ ኡቡንቱ 22.04ም 24.04ም ያስፈልገኛል፤ ሁለቱም» አለኝ።

«የኔ ፒችትሪ እንዳይነካብኝ፣ ልጄ፣ አደራ» አሉ እናቱ ቀበል አድርገው።

«እትዬ፣ ባክአፑ በእጅዎ ሳይገባ ምንም አልነካም» አልኳቸው።

የልጁ ጥያቄ ቅብጠት ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። ሮቦት የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ሮስ የተባለው የሶፍትዌር ስብስብ እያንዳንዱ እትሙ ከአንድ የኡቡንቱ ሊኑክስ ሥሪት ጋር ተጣምሮ ነው የሚወጣው። ሀምብል የሚባለው እትም ለ22.04፣ ጃዚ የሚባለው ለ24.04 የተዘጋጀ ነው። አማካሪው የሰጡት የቀድሞ ተማሪዎች ኮድ በሀምብል የተጻፈ ነው፤ እሱ የሚጀምረው አዲስ ሥራ ደግሞ በጃዚ። ዊንዶውስ ውስጥ እንደ ፕሮግራም የሚከፈት ሊኑክስ መኖሩን አውቃለሁ፣ ለቀላል ሥራም እመክረዋለሁ። ነገር ግን 8 ጊጋ ባይት ራም ባለው ማሽን የሮቦት እንቅስቃሴ በሥዕል እያሳዩ መሞከር ሁለቱንም ያንቃል። እዚህ ላይ ሊኑክስ ማሽኑን ለብቻው ቢይዘው ይሻላል።

ዊንዶውስን አንሥቶ መጣል ደግሞ አይታሰብም። ፒችትሪ ለሊኑክስ የተሠራ አይደለም። በዚያ ላይ እናትየው በዓመታት ያጠራቀሟቸው ውሎችና ደብዳቤዎች አሉ፤ ከፊሎቹ የተጻፉት በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እነዚህ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እየተኩ ነበር የሚሠሩት። ፋይሉን ፊደሉ ባልተጫነበት ኡቡንቱ ላይ ስንከፍተው ውሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ጠፍቶ ነው። በአገራችን ከአንድ በላይ ሲስተም በአንድ ማሽን መያዝ ተገቢ የሚሆንበት ትልቁ ምክንያት ለእኔ ይኸው ነው፤ ገና ወደ ዩኒኮድ ያልተቀየረ ብዙ ሰነድ በየቤቱና በየቢሮው አለ።

ወደ ሥራው ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት ባትሪውን ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ባትሪው የሚይዘው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ዲስክ እየተከፈለ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የመጫኛው ፍላሽ። የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ወደ 6 ጊጋ ባይት ይጠጋል፣ ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ተበላሽቶ የሚወርድበት ጊዜ አለ። የማረጋገጫ ቁጥሩን ከዋናው ድረ ገጽ ጋር ሳላመሳክር ፍላሽ ላይ አልጽፈውም።

ዲስኩ በድሮው ኤምቢአር አሠራር የተከፈለ ነበር። በዚያ አሠራር ከአራት በላይ ዋና ፓርቲሽን አይቻልም፤ ለሦስት ሲስተም ጠባብ ነው። ጂፒቲ የሚባለው ግን በተለመደው አሠራሩ እስከ 128 ይፈቅዳል። ዊንዶውስ 10 ራሱ ፋይል ሳያጠፋ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይር መሣሪያ አለው፣ በእሱ ቀየርኩት፤ ባዮሱንም ወደ ዩኢኤፍአይ አዞርኩ። ከዚያ የዊንዶውስን ፈጣን አነሳስ አጠፋሁ። ይህ ነገር በርቶ ከቀረ ዊንዶውስ «ተዘጋሁ» ሲል በእውነቱ አልተዘጋም፤ ሊኑክስ በዚያ ሁኔታ ከዊንዶውስ ጋር በሚጋራው የዲስክ ክፍል ላይ ቢጽፍ ፋይል ይበላሻል። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር የበራበት ማሽን ከሆነም የመክፈቻ ቁልፉ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ሥራው አይጀመርም።

ዲስክ ማካፈል እንደ መሬት ሽንሻኖ ነው፤ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ካርታው ሲነሳ ነው። ለዊንዶውስ 180፣ ለእያንዳንዱ ኡቡንቱ 60 ጊጋ ባይት ሰጠሁ፤ የቀረው ሁሉ ለመረጃ ብቻ የሚሆን አንድ ክፍል ሆነ፣ ሦስቱም የሚያነቡትና የሚጽፉበት። የልጁ ኮድ፣ የቤተሰቡ ፎቶ፣ የእናትየው ሰነድ እዚያ ገባ። የፒችትሪውን ፋይል ካለበት አላንቀሳቀስኩትም፤ ባክአፑ ግን እዚህ አንድ፣ ውጭ ባለ ፍላሽ ሌላ አንድ ተቀመጠ። ከእንግዲህ አንዱ ሲስተም ተበላሽቶ ፎርማት ቢደረግ የሚጠፋው እሱ ብቻ ነው።

ልጁ ሁለቱ ኡቡንቱዎች የግል ማኅደሩን እንዲጋሩ ፈልጎ ነበር። አልፈቀድኩም። አዲሱ ሥሪት የራሱን ቅንብር ይጽፋል፤ አሮጌው ያንን ሲያገኝ ግራ ይጋባል። ፋየርፎክስ እንኳ በአዲስ ሥሪት የተከፈተን ፕሮፋይል በአሮጌው ለመክፈት እምቢ ይላል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ማስነሻው ነው። ዊንዶውስና ኡቡንቱ በማስነሻው ክፍል ውስጥ የየራሳቸው ፎልደር ስላላቸው አይጋጩም። ሁለት ኡቡንቱዎች ግን የሚጽፉት ያንኑ «ኡቡንቱ» የተባለ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ይሽራል። ስለዚህ 22.04ን አስቀድሜ፣ 24.04ን አስከትዬ ጫንኩና አዛዥነቱን ለአዲሱ ተውኩለት። በአሮጌው ላይ ግሩብ የተባለው የሊኑክስ ማስነሻ እንዳይታደስ ያዝኩት፤ አለዚያ አንድ ቀን በዝማኔ ወቅት ተመልሶ አዛዥ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ግሩብ 2.06 ወዲህ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው መሣሪያ እንደ ነባሪ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ እሱንም ከፈትኩ። ልጁ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ 22.04 አዲስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) በጫነ ቁጥር 24.04 ውስጥ ገብቶ የማስነሻ ዝርዝሩን ማደስ አለበት። አለዚያ ዝርዝሩ የተሰረዘ ከርነል ይጠራል።

ሰዓቱም ይዛባል። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ መለኪያ ይይዛል፣ ዊንዶውስ ግን ያንኑ የአገር ውስጥ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ ልጁ ኡቡንቱን ዘግቶ እናቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ ቢከፍቱ ማሽኑ ገና ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው ይላቸዋል። ሌሊት ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ራሱ ወደ ትናንት ይመለሳል። ለሒሳብ መዝገብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱንም ኡቡንቱዎች የአገር ውስጡን ሰዓት እንዲይዙ አዘዝኳቸው።

ማሽኑ ሲበራ ዝርዝሩ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ዊንዶውስን እንዲያነሳ አደረግኩ፤ እናትየው ምንም ሳይነኩ ፒችትሪያቸው ጋ ይደርሳሉ። አንድ ነገር ግን አሳሰብኳቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ዝማኔ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም።

«ባንክ ሲከፍቱ፣ ኢሜይል ሲያዩ በኡቡንቱ 24.04 ይሁን፣ እትዬ። ዊንዶውሱ ለፒችትሪና ለድሮዎቹ ውሎች ይቆይ።»

«እዚያ አማርኛ ይጽፋል?» አሉኝ።

የአማርኛውን ኪቦርድ ጨምሬ አሳየኋቸው፤ ስማቸውን ጻፉ። ለልጁ ደግሞ የሀምብልም የ22.04ም መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2027 እንደሚያበቃ ነገርኩት። ያኔ ያ 60 ጊጋ ባይት ለሚቀጥለው ሥሪት ይለቀቃል፤ የመረጃው ክፍል ባለበት ይቀጥላል።