ሎረል፦ ቅጠሉ ለድስት፣ ፍሬው ለሳሙና

በሱፐርማርኬት የቅመም መደርደሪያ ላይ «ቤይ ሊፍ» ተብሎ የሚሸጠው ደረቅ ቅጠል ሎረል ከሚባል ዛፍ የተለቀመ ነው። የዛፉ አገር የሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በገሊላና በቀርሜሎስ ተራራ ጫካዎች ሊያዩት ይችላሉ። ቀረፋና አቮካዶም የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። የጥንት ግሪኮች በዴልፊ ውድድር ላሸነፉ፣ ሮማውያን ደግሞ ድል አድርገው ለተመለሱ የጦር አዛዦች ከቅጠሉ አክሊል ይጎነጉኑ ነበር።

ሎረል ክረምት ከበጋ ቅጠሉ አይረግፍም። እድገቱ ዝግ ያለ ቢሆንም፣ ካልተገረዘ ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል። ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ ዛፎች በመሆናቸው ጥቁሩን ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። ከዘር ለማፍላት የፍሬውን ሥጋ ልጦ፣ ዘሩን ሳይደርቅ መዝራት ያስፈልጋል። ከቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም ይቻላል። በሁለቱም መንገድ ወራት መጠበቅ የግድ ነው። ከተተከለ በኋላ ብዙ አያስቸግርም፤ ፀሐይና ውሃ የማያቁር አፈር ይበቃዋል። ቦታ የሌለው ሰው በትልቅ ማሰሮ ተክሎ በመቀስ እየከረከመ ሊያኖረው ይችላል። የቅጠሉ ጠርዝ አብጦ ከተጠቀለለ ጭማቂውን የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ገብቶበታልና፣ የተጎዳውን ቀንጥሶ ማስወገድ ይገባል።

ቅጠሉን በጣት አሸት ሲያደርጉት ባሕር ዛፍን የሚያስታውስ ሽታ ይወጣዋል። ሲኒዮል የተባለው ዘይት በሁለቱም ውስጥ ስላለ ነው። ትኩሱ ቅጠል መረር ስለሚል አብዛኛው ሰው አድርቆ ይጠቀምበታል። የሚደርቀው አየር በሚገባበት ጥላ ሥር፣ ሳይደራረብ ተሰጥቶ ነው፤ ፀሐይ ሽታውንም ቀለሙንም ይወስድበታል። አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ ቅጠል ጥሩ ነው፤ ቡናማ የሆነው ያረጀ ነው። ለሾርባ፣ ለምስር ወይም ለሥጋ አንድ ሁለት ቅጠል ገና ከጅምሩ ይጨመራል። ቢበስልም ስለማይለሰልስ ምግቡ ከመቅረቡ በፊት መውጣት አለበት።

የፍሬው ዘይት ደግሞ የሶርያዋን የሐለብ ከተማ በሳሙና አስጠርቷታል። ባለሙያዎቹ የወይራ ዘይት በትልቅ ጋን ለቀናት ያፈላሉ፤ መጨረሻ ላይ የሎረሉን ዘይት ይጨምሩበታል። ከዚያም ወለል ላይ አፍስሰው፣ ሲረጋ በእጅ ቆርጠው፣ ማኅተም መትተው ለወራት ያደርቁታል። የደረቀው ሳሙና ላዩ ቢጫ ቡናማ ነው፤ ሲቆረጥ ግን ውስጡ አረንጓዴ ነው። ዩኔስኮ ይህን ሙያ በ2024 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ለመትከል ያሰበ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ለአጥር የሚተከለው ቼሪ ሎረልና ኦሊያንደር ቅጠላቸው ከሎረል ጋር ሊያሳስት ይችላል፤ ሁለቱም መርዛማ ናቸው። ስለዚህ ችግኙን ከሚታወቅ ችግኝ ጣቢያ ይግዙ፤ ምንነቱን በእርግጠኝነት ካላወቁት ዛፍ የተቀጠፈ ቅጠል ድስትዎ ውስጥ አይጨምሩ።