ሰዓቱን መኪና ውስጥ ተይው

ታኅሣሥ ሲገባ ስልኬ ጸጥ ይላል። ኅዳር ላይ «ኮች፣ ነገ የት ነን?» እያለ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚቀሰቅሰኝ ሁሉ የታላቁ ሩጫን ሜዳሊያ ግድግዳ ላይ ይሰቅልና ይሰወራል። ጥር ላይ አንዳንዱን ሠርግ ቤት አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ያላየኝ ይመስላል፤ ፊት ለፊት ስንጋጠም ደግሞ ሳልጠይቀው «ሞራሌ ወርዷል ባክህ» ይለኛል።

ወጣትነቴን ክለብ ውስጥ 10 ሺህ ሜትር ስሮጥ ጨርሼ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ወደ ማሠልጠን የዞርኩ ሰው ነኝ። የማሠለጥናቸው ግን የነገ ሻምፒዮኖች አይደሉም። የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ መምህራንና ጥቂት ነጋዴዎች ናቸው። በእኛ አገር እሮጣለሁ ያለ ሰው ወዲያው «ስንተኛ ወጣህ?» ይባላል። ለራሱ ብሎ የሚሮጥ ሰው መኖሩ ለብዙዎች ግልጽ አይደለም። አንድ ቀን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከብት የሚያግዱ አዛውንት አስቁመውን «ለመሆኑ ይከፍሏችኋል?» አሉ። «አይ አባባ፣ የምንከፍለውስ እኛ ነን» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና ምንም ሳይሉ ከብቶቻቸውን ነዱ።

አዛውንቱ የጠየቁት ተገቢ ነገር ነው። የበቆጂ ወይም የደብረ ብርሃን ታዳጊ በሌሊት ተነስቶ ብርዱን የሚጋፈጠው ሩጫው እንጀራው ስለሚሆን ነው፤ ቢታክተውም ምክንያቱ አይጠፋበትም። የእኔ ሰዎች ግን እንጀራቸው ሌላ ቦታ ነው። ብርድ ልብሱን የሚገፉበትን ምክንያት በየጠዋቱ እንደ አዲስ መፈለግ አለባቸው።

ያም ሆኖ «ሞራል የለኝም» የሚለውን ቃል እንደ ወረደ መቀበል ትቻለሁ። ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። አንድ መምህር ነበር፤ ዝናብ የማያስቀረው ሰው። በሁለት ወር ውስጥ መጀመሪያ ዳገት ላይ መቅረት፣ ቀጥሎ ማርፈድ፣ በመጨረሻም መጥፋት ጀመረ። ስደውልለት «እግሬ እርሳስ ሆነብኝ፤ ልቤም አልፈለገውም» አለኝ። እኔም ድሮ ክለብ ውስጥ ይሉኝ የነበረውን ቃል ሳልቀንስ ደገምኩለት፦ «ወኔ ነው ያጣኸው!»

ብዙም ሳይቆይ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረውና ባለቤቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ደሙ ክፉኛ አንሶ ተገኘ። ሲጣራ፣ ለጉልበቱ ሕመም ከመድኃኒት ቤት በራሱ እየገዛ ለወራት የዋጠው ዲክሎፌናክ ጨጓራውን አቁስሎት፣ ቁስሉ ውስጥ ለውስጥ ሲደማ ነው የከረመው። ኦክስጅንን ለጡንቻ የሚያደርሰው ደም ነው። ደም ሲያንስ የትናንቱ ቀላል ዳገት ተራራ ይሆናል፤ ሰውየው ግን የሚሰማው «አልፈልግም» የሚል ስሜት ብቻ ነው። እኔ ወኔ ስፈልግበት እሱ ደም እየፈሰሰው ነበር። ታክሞ ዳነና ተመለሰ። ይቅርታ ስጠይቀው ሳቀ፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ሞራሌ ወርዷል የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሞራሉ አይደለም። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ምን ማስታገሻ እየዋጥክ ነው? ሰገራህ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል ወይ? ያፍራል። ይፈር፤ ጠቁሮ ከሆነ ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ነው የሚሄደው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙትን ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ዳገት አላስወጣቸውም፤ ከሚመገቡበት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለው አጭርና ዝግ ያለ ሩጫ ይሮጣሉ። የሰነፈ የሚመስለኝ ሰው ብዙ ጊዜ የደከመ ሰው ሆኖ ይገኛል።

አንዷን ግን ደሟም እንቅልፏም ደህና ሆኖ ነው ያጣኋት። የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ታላቁ ሩጫን አራት ጊዜ ጨርሳለች። ደመወዟን አጠራቅማ ውድ የሩጫ ሰዓት ገዛች፤ ስልኳ ላይም የልምምድ ዕቅድ ጫነች። ዕቅዱ አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሩጪ ይላታል። እንጦጦ ላይ የምትሮጠው በ7 ደቂቃ ነው። በዘገየች ቁጥር ሰዓቱ እጇ ላይ ይጮኻል። ያንን ዕቅድ የጻፈው ሰው ባሕር ጠለል ላይ የሚኖር መሆን አለበት። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለው የእንጦጦ አየር ደግሞ ለሳንባ የሚያቀብለው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ዳገቱ ሲጨመርበት የእሷ 7 ደቂቃ ከቆላው 5 ደቂቃ ተኩል ብዙም የሚያንስ ሥራ አልነበረም። እሷ ግን ሰዓቷን አምና «ኮች፣ ልምምድ በሠራሁ ቁጥር እየባሰብኝ ነው» ብላኝ ቀረች። በሳምንት ሦስት ጊዜ በሌሊት ተነስቶ መሰደብን ማን ይወዳል?

ሰው እንዲህ ሲሆን ብዙ አሠልጣኞች የጀግና ታሪክ ያወራሉ። እኔም አውርቻለሁ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ወስዳ፣ ከ17 ዓመት በኋላ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸንፋለች። ቀነኒሳ በ2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል። ባወራኋቸው ቁጥር እኔ ራሴን ይነዝረኛል። የባንክ ሠራተኛዋን ግን ቢያስነሳት አንድ ጠዋት ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር ከ3 ደቂቃ ባነሰ የሚጨርስን ሰው መስታወት አድርጎ ራሱን የሚያይ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚያየው ጉድለቱን ነው።

ደውዬ «አንድ ቅዳሜ ብቻ ነይ» አልኳት። መጣች። መኪናዋን ስታቆም «ሰዓቱን እዚያው ተይው» አልኳት። እርቃኗን የቀረች ያህል የእጅ አንጓዋን ስትዳስስ አየኋት። «የዛሬ ሥራሽ ከፊትሽ ያለችውን ልጅ ጫማ ማየት ብቻ ነው።»

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሯጮቻችን ጫካ ሲገቡ በሰልፍ ነው፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ከፊቱ ያለውን እግር ይከተላል። መሪው ባሕር ዛፉ መሐል እየተጥመዘመዘ፣ ዳገቱን በአግድም እየቆረጠ ያዞራል። ጉቶ ወይም ድንጋይ ሲያይ በእጁ ለኋለኛው ያሳያል፤ እሱም ለቀጣዩ ያሳልፋል። ቀጥ ያለ መንገድ ስለሌለ ስንት እንደቀረ አይታወቅም። ሐሳብ ሁሉ እግር ሥር ነው። አስፋልት ላይ ብቻውን ሲሮጥ በየሁለት ደቂቃው «አሁን ባቆምስ?» የሚል ሰው እዚያ ጫካ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ጊዜ አያገኝም። (ጅብ ያየን ዕለት ደግሞ ማንም ማቆምን አላሰበም።)

ስንጨርስ «ስንት ሮጥን?» ብዬ ጠየቅኳት። «ግማሽ ሰዓት?» አለች። አንድ ሰዓት ሊሞላን ስምንት ደቂቃ ብቻ ነበር የቀረን።

በሦስተኛው ሳምንት እንድትመራ አደረግኳት። ከኋላዋ ሦስት አዲስ ጀማሪዎች ነበሩ። አንዷ ገና በአሥረኛው ደቂቃ አለከለከች። የእኛ ሰው ዞር ብላ አየቻትና ዳገቱን ትታ ወደ ሜዳው ጠመዘዘች፤ ፍጥነቷንም ቀነሰች። በሰዓቷ ሕግ ቢሆን ይህ ውድቀት ነበር። ያችን ጀማሪ ግን ያን ቀን ከሩጫ እንዳትጠፋ ያደረጋት እሱ ነበር። ስንጨርስ ሒሳብ ሠራተኛዋ ጠጋ አለችኝና «ኮች፣ ማክሰኞም እኔ ልምራ?» አለች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ማታ ስትተኛ በየትኛው በኩል እንደምታዞራቸው ነው የምታስበው።

ሁሉም እንደ እሷ አይሆንም። አንዱን ሁለት ሳምንት ዕረፍት ሰጥቼው በዚያው ዋና ጀመረ፤ ደህና አድርጎ ይዋኛል አሉ። ደስ ይበለው።

ከታላቁ ሩጫ በኋላ ጫማችሁን አልጋ ሥር የወረወራችሁ ካላችሁ፣ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንጦጦ ላይ እንገናኝ። የምትመራችሁ እሷ ናት። ሰዓቷ አሁንም መኪናዋ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል።