ደም የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

መርካቶ በአንድ መድኃኒት ቤት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፥ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከግል ክሊኒክ የተሰጣቸውን ወረቀት ዘርግተው፥ «ልጄ፥ እስቲ ይኸ ምን እንደሚል አንብብልኝ» አሉኝ። ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት ያ ወረቀት የቲቢ የደም ምርመራ ይላል፤ በጎኑም በእስክሪፕቶ የተከበበ የመደመር ምልክት አለበት። የልጅ ልጃቸው ሳል ከያዘው እንደ ሰነበተ፥ አክታውን ግን የጠየቀው ሐኪም እንዳልነበረ፥ ለዚህ ወረቀትም ገንዘብ ተበድረው እንደ ከፈሉ ሲነግሩኝ፥ ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለ መመርመር ጀመርሁ።

በሽታውን ራሱን ከመፈለግ ይልቅ ሰውነት ለተሐዋስያኑ ፕሮቲን የሚሰጠውን መልስ መጠየቅ የቆየ ጥበብ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1882 የሳንባ ነቀርሳን፥ ማለት የቲቢን፥ ባክቴሪያ ለዓለም የገለጠው ሮበርት ኮኽ፥ በ1890 ከዚያው ባክቴሪያ የተቀመመውን ቱበርኩሊን ፈውስ ነው ብሎ በበርሊን ባወጀ ጊዜ፥ ድውያን ከየአገሩ ወደዚያች ከተማ ጎረፉ፤ ፈውሱ ግን ከንቱ ሆኖ ቀረ፥ የሞቱም ነበሩ። ሆኖም ቀድሞ በነቀርሳ የተለከፈ ሰው በመድኃኒቱ ሲወጋ ሰውነቱ እንደሚቆጣ ስለ ታየ፥ የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ፒርኬ በ1907 የሕፃናትን ቆዳ ጫር አድርጎ ቱበርኩሊን በመቀባት፥ ከእርሱም በኋላ ፈረንሳዊው ማንቱ በመርፌ ቆዳ ውስጥ በመክተት፥ ፈውስነቱ የከሸፈውን ነገር መመርመሪያ አደረጉት። ዛሬም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ተጠብቆ፥ መቅላቱ ሳይሆን በጣት የሚዳሰሰው እብጠት በማስመሪያ ይለካል።

ችግሩ ይህ ነው፤ ሲወለድ የነቀርሳ መከላከያ የሆነውን ቢሲጂን የተከተበ ልጅም በዚሁ መርፌ ክንዱ ሊያብጥ ይችላል። የኋላ ዘመን ሊቃውንት ግን የነቀርሳው ባክቴሪያ ያለው፥ የክትባቱ ባክቴሪያ ግን ያጣው የዘር ክፍል እንዳለ አገኙ፤ ከዚያ የሚመነጩት ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 የተባሉ ፕሮቲኖች ከደም ጋር በብልቃጥ ሲያድሩ፥ ባክቴሪያውን የሚያውቁት የደም ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን ንጥረ ነገር ያፈልቃሉ። ከ2018 ጀምሮም በስደተኛ ቪዛ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ከ2 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው የእኛ አገር ልጆች በክንድ መርፌው ፋንታ የሚመረመሩት በዚህ የደም ምርመራ ነው።

ይህም ቢሆን ባክቴሪያው አንቀላፍቶ ይሁን ነቅቶ አይለይም። ዕድሜያቸውን በአጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሰው የጨረሱ አንድ የላቦራቶሪ አዛውንት፥ «የጅብ ዱካ በደጅህ ብታይ ጅቡ ማለፉን ታውቃለህ፤ ዛሬ ዱር ይደር ጓዳ ይግባ ዱካው አይነግርህም» አሉኝ። ከዓለም ሕዝብ ሩብ የሚያህለው ዱካው አለበት፤ ከእነዚህም በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ብቻ ናቸው። በእኒያ እናት ወረቀት ላይ ስላየሁት፥ ሰውነት በተሐዋስያን ላይ የሚያመነጨውን ፀረ-አካል በደም ውስጥ ስለሚፈልገው ምርመራ ብጠይቃቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ «እርሱማ ዱካም አያውቅ! ጤነኛውን ሕሙም፥ ሕሙሙን ጤነኛ ሲል ስንት ዓመት አይቼዋለሁ» አሉ፤ «አክታውን አምጡልኝ፥ ሌላ አልፈልግም» ሲሉም ጨመሩ።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 እነዚህ ለገበያ የቀረቡ የፀረ-አካል ምርመራዎች ለነቀርሳ እንዳይሠራባቸው አስጠነቀቀ፤ ሕንድ በ2012 ከለከለቻቸው። በእኛ ዘንድ ማን እንደሚቆጣጠር አንድ ኃላፊ ብጠይቅ፥ ጥያቄዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ፤ ካቀረብሁ በኋላ ግን ስብሰባ ላይ ናቸው ከመባል በቀር ያገኘሁት ቃል የለም።

በሐሰት አለብህ የተባለው ሰው ስድስት ወር ያለ ምክንያት መድኃኒት ይውጣል። በሐሰት የለብህም የተባለው ደግሞ ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ክፍል እያሳለ ያድራል፤ በዚያ ክፍል የሚተኙ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም የመከላከያ መድኃኒት የሚታዘዝላቸው የእርሱ ሕመም በትክክል ከታወቀ በኋላ ነው።