ሌሊት የሚጠዘጥዝ ጉልበት

በጣርማ በር አካባቢ የሚያድግ ልጅ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ማታ ጉልበቴን አመመኝ ቢል፣ ወላጆቹ «ወድቆ ይሆናል፤ ብርድ መትቶት ይሆናል» ብለው በቅቤ ያሹታል፤ ካልተሻለውም ወጌሻ ይጠሩለታል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በጥቂት ቀናት ይለቀዋል። ነገር ግን አልፎ አልፎ ከቶ የማይለቅ፣ ከቀኑ ይልቅ ሌሊት የሚብስ ሕመም ይገኛል። ለወላጆች ልናስገነዝብ የምንወደው ስለዚህኛው ነው።

በጉርምስና፣ አጥንት ፈጥኖ በሚያድግበት ዘመን፣ ከራሱ ከአጥንቱ የሚነሣ ካንሰር አለ። ሐኪሞች ኦስቲዮሳርኮማ ይሉታል። በብዛት የሚነሣው ከጉልበት በላይና በታች ካሉት አጥንቶች ጫፍ ነው። ሁለተኛው፣ አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ዩዊንግ እ.ኤ.አ. በ1921 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው የዩዊንግ ሳርኮማ ነው። ሁለቱም የሚይዙት ጥቂት ልጆችን ነው፤ ሆኖም ፈጥነው ወደ ሳንባ ይዛመታሉ።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ለሳምንታት የማይተው ሕመም፣ ልጁን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ጥዝጣዜ፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ ማነከስ፣ በቀላል መውደቅ የሚሰበር አጥንት። የወጌሻ ሙያ ለወለምታ የተመሰገነ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለውን እብጠት ማሸትና መጎተት የደከመውን አጥንት ሊሰብረው ይችላል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጎዳው ግን በዚያ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጁን ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ሆስፒታል ወስዶ ራጅ ማስነሣት ይገባል። ጥርጣሬ ካለ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይላካል፤ በዚያም ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ደዌው ይለያል።

ሕክምናው አስቀድሞ ኬሞቴራፒ የተባለውን መድኃኒት በደም ሥር መስጠት፣ ቀጥሎ የታመመውን አጥንት በቀዶ ጥገና ማውጣት፣ ከዚያም መድኃኒቱን መድገም ነው። ለዩዊንግ ሳርኮማ ጨረርም ይረዳል። ቀድሞ እግር በመቁረጥ ብቻ ሲታከሙ ከአምስት ሕሙማን አራቱ ያህል ይሞቱ ነበር፤ ደዌው በዓይን ሳይታይ አስቀድሞ ወደ ሳንባ ይደርስ ነበርና። ዛሬ ሕክምናው በተሟላበት ስፍራ፣ ሳይዛመት ከተደረሰበት፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ይድናሉ።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው «እግሩ ይቆረጣል» የሚለውን ቃል ነው። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ልጁን ይዞ መሸሽ እግሩንም ነፍሱንም ያሳጣል። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በ18 ዓመቱ፣ በዚህ ደዌ ቀኝ እግሩ ተቆረጠ፤ በ1980 በሰው ሠራሽ እግር በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ደዌው ወደ ሳንባው ዘልቆ በ1981 ቢያርፍም፣ እግር ማጣት የሕይወት ፍጻሜ አለመሆኑን ለዓለም አሳይቷል።

ጠበሉስ? መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ለዚህም ደዌ ምክሩ ያው ነው። ልጁ ይጠመቅ፤ ራጁ ግን ሱባዔው እስኪፈጸም አይቆይ። መድኃኒት የጀመረም ሻል ሲለው አያቋርጥ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሌሊት ጉልበቱን ይዞ ሲያቃስት ብትሰሙ ስንት ሳምንት እንደ ሆነው ቁጠሩ።