ወደ መጠጥ ውኃ ግድብ የሚረግፍ ቅጠልና የባክቴሪያ መራባት

በመጠጥ ውኃ ግድብ ዙሪያ ዛፍ መትከል አፈሩ በጐርፍ እንዳይታጠብ የሚረዳ መልካም ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዛፉ የረገፈው ቅጠል ከውኃው ውስጥ በገባ ጊዜ ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህ ምግብ የውኃውን ንጽሕና በምን መንገድ እንደሚያውክ ነው።

ደረቅ ቅጠል ውኃ ውስጥ በገባ ባንድና በሁለት ቀን ጊዜ፥ ልክ እንደ ሻይ ቅጠል፥ በቀላሉ የሚሟሟውን ስኳርና ካርቦን ያዘለውን ሌላ ነገር ይለቃል። እንደ ዛፉ ዓይነት፥ ከደረቅ ክብደቱ እስከ አንድ አራተኛ የሚሆነው በዚህ አኳኋን ሊወጣ ይችላል። ባክቴሪያዎቹ ይህን እየተመገቡ ይበዛሉ፤ ሲበዙም በውኃው የሟሟውን ኦክሲጅን ይቀንሱታል። ኦክሲጅን ባለቀበት የግድቡ ወለል ደግሞ ከጭቃው ጋራ ተጣብቆ የነበረው ብረትና ማንጋኒዝ እየሟሟ ይወጣል። እንደ ባሕር ዛፍ ያለው፥ ታኒንና ዘይት የበዛበት ቅጠል ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ ጣጣው ይረዝማል እንጂ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን ማወቅ ይገባናል። ቅጠሉን የሚመገቡት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ የአፈርና የውኃ እንጂ በሽታ የሚያመጡ አይደሉም። ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው ቢሉ፥ የሚጐዳው ክሎሪኑ ነው። ክሎሪን ጀርሙን ከቅጠሉ ጭማቂ አይለይም፤ ከሁለቱም ጋራ ተዋሕዶ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ከተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን እንዲኖርበት ይመክራል። ይህ ከጠፋ በተሰነጠቀ ቧንቧ የሚገባውን የእዳሪ ጀርም የሚከላከል አይኖርም።

ክሎሪኑን አብዝቶ መጨመርም ሙሉ መፍትሔ አይደለም። ሆላንዳዊው ኬሚስት ሩክ እ. ኤ. አ. በ1974 ባወጣው ጥናት፥ ክሎሪን ከእንዲህ ያለው የተፈጥሮ ነገር ጋራ ሲገናኝ ለጤና የማይበጁት ክሎሮፎርምና መሰሎቹ እንደሚፈጠሩ አሳይቷል።

እንደ ገፈርሳና እንደ ለገዳዲ ያሉት የአዲስ አበባ ግድቦች የክረምቱን ውኃ ለበጋ የሚያቆዩ ናቸው። በበጋ በየጅረቱ ዳር የተከማቸ ቅጠል በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ባንድ ጊዜ ታጥቦ ይወርዳል። ስለዚህ ቅጠሉን ከዝናቡ በፊት መጥረግ፥ በውኃው መግቢያ ወንፊት ማድረግ፥ ክሎሪን ከመጨመሩም በፊት ውኃውን አዝቅጦ ማጣራት ያስፈልጋል። ባክቴሪያውን ከመግደል አስቀድሞ ምግቡን መንፈግ ይሻላል።