ቤንዚን ቤንዚን የምትሸት መኪና

በከተማችን መኪና ውስጥ ቤንዚን መሽተት የእርጅና ወግ ተደርጎ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። «አሮጌ ናት፣ ምን ይደረጋል» ይባልና መስኮት ዝቅ ተደርጎ መንገድ ይቀጥላል። ሽታው አላስቀምጥ ሲል ደግሞ ጋራዥ ይኬዳል። እዚያም አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱ የሚሰጠው ማስረጃ ሳይሰማ ነው፤ «ፖምፓው ነው፣ ይቀየር» ይባላል። ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ፍርድ ሲያይ ይግባኝ ማለት ይቀናዋልና፣ የዛሬው ጽሑፌ ያው ይግባኝ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ሊያሳስበን ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን በከባድ ታክስ መታቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ውሳኔው ደግ ነው ክፉ ነው የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። በእጃችን ያለችው የቤንዚን መኪና ግን ከነላስቲኳና ከነቱቦዋ አብራን ታረጃለች ማለት ነው። ላስቲክ ደግሞ ሲያረጅ ይሰነጠቃል።

ሳልባትዮ እንደ ጀሪካን ተከድኖ የሚቀመጥ ዕቃ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። እውነቱ ግን መተንፈስ ያለበት መሆኑ ነው። ሞተሩ ቤንዚን በሳበ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ የተነነው ቤንዚን መውጫ ይፈልጋል። በድሮዎቹ መኪኖች ትነቱ በክዳኑ ወይም በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ውጭ ይለቀቅ ነበር። አሜሪካኖቹ፣ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ በ1970 ሞዴል መኪኖች፣ በዓመቱም መላ አገሪቱ፣ ይህንን በሕግ ገደቡት። ከዚያ ወዲህ የመጣው መፍትሔ ካኒስተር የሚባለው፣ በከሰል የተሞላ ጥቁር ዕቃ ነው። ከሰሉ ትነቱን ይዞ ያቆያል፤ ሞተሩ ሲሠራ አንድ ቫልቭ ይከፈትና የተያዘው ትነት ወደ ሞተሩ ተስቦ ይቃጠላል። ንጹሕ አየር የሚገባው ደግሞ በካኒስተሩ በሌላኛው ጫፍ ባለ መተንፈሻ ነው። ስለዚህ ጤነኛ መኪና፣ የቱንም ያህል ብታረጅ፣ ቤንዚን መሽተት የለባትም።

የምንኖርበት ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ግፊቱ ሲያንስ ቤንዚን ቶሎ ይተናል። አዋሽ ላይ እስከ አፉ የተሞላ ሳልባትዮ አዲስ አበባ እስኪደርስ በውስጡ ያለው ትነት እየሰፋ ይመጣል። መተንፈሻው የተደፈነ ከሆነ በደከመው ላስቲክ በኩል መውጣቱ አይቀርም።

መካኒኩ ሊጠይቅዎ፣ እርስዎም ቀድመው ሊያስተውሉ የሚገባው ሽታው መቼና የት እንደሚመጣ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የዕቃ መጫኛውን ይክፈቱ። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን የተያዘ ጀሪካን እዚያው ተረስቶ ከሆነ ምርመራው በዚሁ ያበቃል።

ሽታው ነዳጅ በተሞላ ማግስት መጥቶ፣ ቤንዚኑ ጎደል ሲል የሚጠፋ ከሆነ ከሳልባትዮው በላይኛው በኩል ያለውን ይጠርጥሩ፦ የመሙያውን ቱቦ፣ የክዳኑን ላስቲክ፣ የፖምፓውን ማሸጊያ። በብዙዎቹ ትናንሽ የጃፓን መኪኖች ፖምፓው የሚገኘው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ፣ በተለይ ልጆች በሚቀመጡበት በኩል የሚሸት ከሆነ መቀመጫው ተነሥቶ ያ ማሸጊያ ይታይ። ፖምፓው ራሱ ጤነኛ ሆኖ የሃያ ዓመቱ ላስቲክ ብቻ የሚያስተነፍስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከፊት፣ ኮፈኑ አካባቢ የሚሸት ከሆነ ነገሩ ከመተንፈሻው ይልቅ የነዳጅ መስመሩን ይመለከታል። እርጥበት ወይም ጠብታ ካዩ ሞተሩን አያስነሱ። ከማርሚታው ብቻ የሚመጣ ሽታ ግን ሌላ መዝገብ ነው፤ ሞተሩ ቤንዚኑን በቅጡ እያቃጠለ አይደለም።

እዚህ ላይ የማደያ ልማዳችንን ሳላነሳ አላልፍም። መቅጃው ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ ሒሳቡን ለማጠጋጋት ጥቂት ይጨመራል፤ ወረፋ የቆየ ሰውም «እስከ አፉ አድርግልኝ» ይላል። ያ ትርፍ ቤንዚን ለትነት ብቻ ወደተሠራው ካኒስተር ይፈስሳል። በቤንዚን የራሰ ከሰል ደግሞ ትነት መያዝ ያቅተዋል፤ ሽታውም ያኔ ይጀምራል። መቅጃው ሲቆም ይብቃ።

የመተንፈሻ መደፈንም የራሱ ምልክት አለው። ክዳኑ ሲከፈት ትንሽ «ሽው» ማለቱ ጤነኛ ነው። በኃይል ወደ ውስጥ አየር የሚስብ ከሆነ ግን አየር ማስገቢያው ተዘግቷል። ያለማቋረጥ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ትነቱ መሄጃ አጥቷል። ማደያ ላይ መቅጃው በየሊትሩ ቀጭ እያለ የሚያስቸግርም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። የአንድ ባልደረባዬ መኪና ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ትጠፋ ነበር። ሁለት ፖምፓ ተቀየረላት፣ ለውጥ የለም። በሦስተኛው ጊዜ መንገድ ላይ ቆማ ክዳኑ ሲከፈት አየር ስባ ወዲያው ተነሣች። ጥፋተኛው በኮረኮንች መንገድ አቧራ የታፈነው የካኒስተር መተንፈሻ ነበር።

አቧራ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ማዝዳ በሰሜን አሜሪካ የሸጣቸውን 65,000 ገደማ ማዝዳ 6 መኪኖች ለጥገና የጠራው በሸረሪት ምክንያት ነው። አንዲት ቢጫ ሸረሪት በመተንፈሻው ቱቦ ውስጥ ድሯን ታደራለች፣ ሳልባትዮው አየር ያጥረዋል፣ ወደ ውስጥ እየተጨማደደ ሊሰነጠቅና ቤንዚን ሊያፈስ ይችላል። በ2014 ጥሪው ተደግሟል። ሸረሪት ሕጋዊ ሰውነት ኖሯት ቢሆን የሚያስደስት ክርክር በሆነ ነበር።

ለመደፈን የሚሰጠው የሰፈር መድኃኒት ክዳኑን በምስማር መብሳት ነው። መኪናዋ መጥፋቷን ትተዋለች፤ ትነቱ ግን ወደ ውጭ፣ የዝናብ ውኃም ወደ ውስጥ መንገድ ያገኛሉ፤ መኪናዋ ብትገለበጥ ደግሞ ቤንዚኑ ይንቆረቆራል። «ቼክ ኢንጅን መብራት ስላልበራ ደህና ናት» የሚለውም አያስተማምንም። ከ1996 ሞዴል ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት መኪኖች የትነት መፍሰስን ራሳቸው ይመረምራሉ፤ ክዳን ላልቶ እንኳ መብራቱ ሊበራ ይችላል። ለሌላ ገበያ ከተሠሩት ብዙዎቹ ግን ይህ ምርመራ የላቸውም።

የቤንዚን ትነት ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል። ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። መኪናው በሚያድርበት ግቢ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የቡና ከሰል የሚቀጣጠልበት ቤት ስንት ነው? ሽታውን በክብሪት ወይም በላይተር ብርሃን መፈለግማ ጨርሶ አይታሰብም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ያሽከረከረው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። «እኔ አላጠፋሁም» የሚለው መከላከያ እዚህ ላይ ብዙ አያዋጣም።

ጋራዥ ሲገቡ ታዲያ ሽታው የሚመጣበትን ሰዓትና ቦታ በወረቀት ጽፈው ይስጡ። ጭስ ነፍቶ ቀዳዳ የሚያሳይ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካገኙ በእሱ ያስመርምሩ፤ ከሌለም ክዳኑ፣ ቱቦዎቹና የካኒስተሩ መተንፈሻ ፖምፓ ከመገዛቱ በፊት ይታዩ፤ ርካሾቹ እነሱ ናቸው። ዕቃ ከተቀየረም አሮጌውን ከነደረሰኙ ይረከቡ።